ያጨበጨብንለት በር

እሑድ፣ ኖቬምበር 10፣ 1996

አጨበጨብኩ። ሌላው ሁሉ በኋላ ይጻፋል፣ ይህ ግን መጀመሪያ ይጻፍ። ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ፣ ከዚያም ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ስብሰባው እንደ ወትሮው እዚህ ባዕድ አገር፣ ሬንተን የምትባለው ከተማ፣ ጋሼ ተፈራ ቤት ነበር። የወረዳችን ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር እሳቸው ናቸው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ገንዘብ ያዡ ብሩክ። ሦስት ዓመት ለፍተን ሾላ ውሃ ላይ ሦስት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አቆምን። ሾላ ውሃ ከከተማው በእግር አራት ሰዓት ነው፣ መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ። በመስከረም ወረዳው አንዲት መምህርት መደበልን፣ አስቴር የምትባል። ሦስት ክፍል፣ አንዲት አስተማሪ። እሷ ከሄደች እስከሚቀጥለው መስከረም ሌላ ሰው እንደማይመደብ ወረዳው አስቀድሞ ነግሮናል። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል ማለት ነው።

ዛሬ የምረቃው ቪዲዮ መጣ። ብሩክ የዚህ አገር ማጫወቻ እንዲያነበው ሱቅ ወስዶ አስቀይሮታል። ቄሱ ባረኩ፣ ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ የወረዳው ሹም ሃያ ደቂቃ ተናገረ፣ ልጆቹ ዘመሩ። የጋሼ ባለቤት እትዬ በላይነሽ አለቀሱ። እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጋሼ ተነሡና ቀጣዩን ሥራ ነገሩን። ለትምህርት ቤቱ ግቢ የግንብ በር። ቅስት ያለው፣ ከማዶ ጋራ የሚታይ፣ በላዩ የወንድማቸው ስም የተጻፈበት። ወንድማቸው መሬቱን ከገበሬዎቹ ጋር የተስማሙልን ሰው ነበሩ፣ አምና አረፉ። ማን እንቢ ይላል? «እንግዲህ ልጆቼ፣ የተስማማን ይመስለኛል» ሲሉ አንዱ ጀመረ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ደርግ በደንብ ያስተማረን ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ የአስቴር ደብዳቤ ነበር። መንገደኛ ይዞልኝ የመጣ፣ በጣም ጨዋ ደብዳቤ። ስለ ልጆቹ ሁለት ገጽ ከጻፈች በኋላ መጨረሻ ላይ «የማደሪያ ነገር ቢታሰብልኝ» ትላለች፤ ካልሆነ ከኅዳር ሚካኤል በላይ መቆየት አልችልም። ኅዳር ሚካኤል የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አይደለ! አጀንዳ ሦስት ብዬ አስይዤው ነበር። ሁለተኛው ላይ ጋሼ መረቁ። ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ስብሰባ የለም፣ ምግብ ነው የሚቀርበው። በላሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፣ የአገሩ በዓል። ስልኩ ግን ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም።

ጓደኛዬ ሙሉ ደወለች። ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ነው የምትሠራው፣ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ነው የደወለችው። የአስተማሪዋን ነገር ለምን አላነሣሽውም አለችኝ። አንቺስ ብላት፣ እኔማ ጋሼ ፊት ምን ብዬ አለች።

ብሩክ ከሬድመንድ ደወለ። በሩ አሁን መሠራቱ እሱንም ከንክኖታል። በምን ልወቅ? ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነበራ!

ሌሎች ሁለት ሰዎችም ደወሉ። አንዷ እንዲያውም ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ነገረችኝ። አራት ሰው፣ አራቱም ሐሳቤን ይደግፋል፣ አራቱም ስሜን እንዳትጠሪ ይላል። እሑድ ዕለት ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን እኮ! ይሉኝታ የሚባለው ነገር አውሮፕላን ተሳፍሮ ከእኛ ጋር መጥቷል፣ ቪዛም አልጠየቁት።

ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ልጄ ሳባ የቤት ሥራዋን እየሠራች «አጌን?» አለች። አዎ፣ እንደገና። የሹሙን ንግግር ሳሳልፍ ካሜራማኑ ስልችት ብሎት ነው መሰለኝ ወደ ባዶ ክፍል ይዞራል። ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ አልተሰቀለም፣ ጥግ ላይ ቆሟል። አቆምኩት። ከሰሌዳው ኋላ የተጠቀለለ ፍራሽ አለ። ከፍራሹ አጠገብ ትንሽ ጋዝ ምድጃ። ምስማር ላይ የተሰቀለ የሴት ሹራብ። የክፍሉን በር አየሁት። ቆርቆሮ ነው፣ የሚታሰረውም በሽቦ።

የማደሪያ ነገር ማለት ይህ ነው ለካ። ሰሌዳውን ከግድግዳው ያወረደችው አልጋዋን ልትጋርድበት ነው። ትናንት እኔን ጨምሮ ሃያ ሰው ይህን ስዕል አየ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ሥራ። ዝናብ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም ነበር፣ እዚህም ልጻፈው፣ ምናልባት ለራሴ ይገባኝ ይሆናል። በአንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ የድሮ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ወረቀት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ከዚህ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ያኔ ዱርና ረግረግ በነበረው አገር፣ ነጮቹ መጥተው ሲሰፍሩ የከፈቷቸው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች ናቸው። መንግሥት መሬቱን ሲያድላቸው ከየአካባቢው ጥቂት ቁራሽ ለትምህርት ቤት ብሎ ያስቀራል። መሬቱ ይሸጣል ወይ ይከራያል፣ ገቢው ለአስተማሪ። የጎደለውን ሰፋሪዎቹ ተሰብስበው በራሳቸው ላይ ግብር ይጥላሉ።

ብልሆች ነበሩ እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ደግሞ እናደዳለሁ። መሬቱ ከዚያ በፊት የማን እንደነበር ይህን ሁሉ ወረቀት ስገለብጥ አንድ መስመር አላገኘሁም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ኢንዲያኖች የሚሏቸው የአገሩ ነባር ሰዎች ዓሣ ሊሸጡ ሲያልፉ ልጆቹ መስኮት ላይ እየተንጠለጠሉ አስተማሪዋን እንዳስቸገሯት ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ስለነሱ ወሬ የለም። የሰው መሬት ሸጦ ትምህርት ቤት መክፈት ቀላል ነው። የሾላ ውሃ ገበሬዎች የሰጡን የራሳቸውን የግጦሽ መሬት ነው፣ ከብቶቻቸው አሁን ዙሪያውን ነው የሚሄዱት።

ዛሬ የደረሰኝ ጥራዝ የአንድ ሰፈር ጸሐፊ ነው፣ የማኅበር ጸሐፊ እንደ እኔ። እጅ ጽሑፉ አስቀያሚ ነው። ያኔ አስተማሪዋ ቤት የላትም፣ ሳጥኗን ይዛ በየሳምንቱ ከተማሪ ቤት ወደ ተማሪ ቤት ትዞራለች። ባለቤቶቹ ምግብና አልጋ ይሰጣሉ። አንዱ ቤት ከሦስት ልጆች ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኝተዋት ቅሬታ አቅርባለች። ሰፈሩ ተሰብስቦ የአስተማሪ ቤት እንሥራ ወይስ ደወል እንግዛ ብሎ ተከራክሯል። ደወሉ አሸነፈ።

ሁለት ገጽ ስገልጥ አስተማሪዋ የለችም። ጸሐፊው ሌላ አስተማሪ እንዲላክላቸው ይለምናል፣ ደወላቸው ወንዝ ማዶ ድረስ እንደሚሰማም በኩራት ይገልጻል። ማን እንደሚደውለው አልጻፈም።

አለቃዬ ካረን ምነው ምን ሆነሻል ብላ ቡና አመጣችልኝ። የሞተ ሰው ላይ ተናድጄ ነው ብላት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ለብሩክ ደወልኩ። የፊታችን እሑድ የሥራ አስፈጻሚ ሳይሆን ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራልኝ አልኩት። ደንቡን አወጣ። አንዴ የጸደቀ ነገር እንደገና የሚነሣው ሊቀመንበሩ ሲፈቅዱ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ሶ፣ ጋሼን ማን ያናግራቸው?» አለኝ።

አንተ አልኩት። አባቱና ጋሼ አብሮ አደግ ናቸው፣ እሱ እንዴት አድርጎ። ሙሉ ትሞክር አለ። ለሙሉ ኮል አደረግኩ፣ ሙሉ ብሩክ ይሻላል አለች። ለድመቷ ቃጭሉን ማን ይሰር ሆነ ነገሩ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ አብራኝ እንደምትሄድ ማለችልኝ። ኦኬ አልኩ። ትንሽ ድል።

ሳባ ስልኩን ስለያዝኩባት አኩርፋለች። ምን እንደሆነ ስነግራት በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፣ ሰውዬው ከተሳሳቱ ለምን ተሳስተዋል አትሏቸውም? ጋሼ ናቸዋ አልኳት። «ሶ?» አለች። ወደ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ለምን እንደምንፈራ ለማስረዳት ስሞክር የምናገረው ለራሴም ጅልነት ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ከሥራ በፊት ከተማው ላይ ባለሱቁ ከማል ጋ ደወልኩ። የሾላ ውሃ መልእክት ሁሉ በእሱ ሱቅ ነው የሚያልፈው። ኦፕሬተሯ ሦስት ጊዜ ቆረጠችብኝ። በአራተኛው አገኘሁት። አስቴር በገበያ ቀን ወርዳ ነበር፣ ስለ አውቶቡስ ጠየቀችኝ አለ። ለሚካኤል ነው አልኩት። የለም፣ ለሰኞ ነው የጠየቀችው አለኝ። ለምን ሰኞ ስለው፣ ሰሞኑን ሌሊት አንድ ሰው በሩን እየገፋ አስቸግሯታል አሉ፣ አለ። ከዚያ መስመሩ ሞተ።

ከእሑዱ ስብሰባ እስከ ሚካኤል አራት ቀን ነበረን፣ አሁን የለንም። ሰኞ ጠዋት።

ሥራ ቦታ ምንም አልሠራሁም። አንድ መስመር አራት ጊዜ ጻፍኩ። እንግዲህ ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው ልጻፈው።

እኔም አስተማሪ ሳለሁ ጥዬ ሄጃለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ዝውውር ደርሶኝ ነው እላለሁ፣ ሙሉም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ዝውውር አልነበረም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ጎጃም ቆላ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ። ቤት ስላልነበረ የቀበሌው እህል ማስቀመጫ ውስጥ አሳደሩኝ። መጀመሪያ አይጥ ነበር የምፈራው። በኅዳር አንድ ሰው በሩን መግፋት ጀመረ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቀን ቀን ሰላም ይለኝ ነበር። ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገርኩ፣ ሳቁ። ሁለት ወር ወንበር በሩ ላይ አስደግፌ ተኛሁ። በጥር ሻንጣዬን ይዤ መኪና መንገድ ወጣሁ። ልጆቹ ተከተሉኝ፣ ለእረፍት የምሄድ መስሏቸው። እትዬ፣ መቼ ነው የሚመለሱ አሉኝ።

ሰኞ አልኳቸው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ሙሉ ቀረች። የሥራ ባልደረባዋ ታማ ሺፍቷን ልትሸፍን ነው፣ ወይም እንዲያ አለችኝ። ብቻዬን ሬንተን ሄድኩ። እዚያ ያለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ የሚወጣበት ሰዓት ስለነበር ፍሪዌዩ ላይ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ለመመለስ ሁለት ጊዜ ፍሬቻ አብርቼ አጠፋሁ።

እትዬ በላይነሽ ካልበላሽ አሉኝ፣ በላሁ። ጋሼ ደስ ብሏቸው የበሩን ስዕል አወጡ፣ በእርሳስ የነደፉት ራሳቸው ናቸው። ጥሩ ይነድፋሉ። ስንት ዓመት እዚያ ፋብሪካ ወለል ሲጠርጉ ኖረው፣ ይህን የመሰለ እጅ እንዳላቸው ማን ያውቃል? ስዕሉን ሳየው ልቤ ሊከዳኝ ነበር። የወንድማቸውን ስም ፊደል በፊደል አስውበው ጽፈውታል።

ካሴቱን ከተትኩ፣ ሰሌዳው ጋ አቆምኩት። ፍራሹን አሳየኋቸው፣ ምድጃውን፣ ሹራቡን፣ ሽቦውን። ከማል ያለኝንም ነገርኳቸው። የበሩ ገንዘብ ለአስተማሪ ቤት ይሁን ብዬ ለመንኳቸው።

አስተማሪ መቼም ይሄዳል አሉኝ፣ ወፍ ነው፤ በር ግን ልጅ ልጅ ያየዋል። እሺ፣ ይህን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅሁት ቀጥሎ መጣ።

«ደግሞስ ፀሐይ፣ አንቺ አጨብጭበሻል እኮ። ፊት ለፊቴ ነበርሽ፣ አይቼሻለሁ።»

ምን ይባላል? እውነት ነው። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ እያለ አጨብጭቤያለሁ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። ዝውውር አልነበረም አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እህል ማስቀመጫውን፣ ወንበሩን፣ መንገዱን፣ ሰኞ ያልኩትን። እትዬ በላይነሽ ትሪውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው።

ጋሼ ስዕላቸውን አጣጠፉ፣ እኔን አላዩኝም።

«ልጆቹስ?» አሉ።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ስንት ሰኞ እንደጠበቁኝ አላውቅም።»

መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ አሉኝ፣ ያ ብቻ። ካሴቱን ረስቼው ወጣሁ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ማልቀሴ አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ምንም የለም። ልብስ አጠብኩ። ፍሪጁን አጸዳሁ፣ ማንም አላዘዘኝም። ሙሉ መጥታ ይቅርታ ጠየቀች፣ ተቆጣኋት፣ አለቀሰች፣ እኔው መልሼ አባበልኳት። የሰው ጥፋት ይዞ እንኳ በሰላም መኮረፍ አይቻልም።

ነገ የምለውን ልጻፍ፦

ስለ ሰሌዳው። ስለ በሩ ሽቦ። ከተመረቀ በኋላም ስብሰባ ሊኖር እንደሚችል። ጋሼን ሳላስቀይም። (እንዴት?) እምቢ ካሉ ጸሐፊነቴን እንደምለቅ። ይህን ሰረዝኩት፣ ብለቅ አስቴርን ምን ይጠቅማታል። ራሴን ብቻ ነው ጀግና የሚያደርገኝ።

ከሰዓት እትዬ በላይነሽ ደወሉ። ማጠንጠኛው የትኛው ነው ብለው ነው፣ የቪዲዮው። ሰውዬው ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ ያቺኑ ቦታ ነው የሚያየው፣ እኔ ቁልፉን አላውቀው፣ እሱም አያውቀው። ትናንትም አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስልክ ይዞ ሲጮህ አመሸ፣ ማን ጋ እንደደወለ ብጠይቀው አልነግር አለኝ አሉ። ተናደዋል ወይ አልኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፣ እራቱን አልበላም» አሉ።

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ጋሼ ሲናደዱም ሲያዝኑም አይበሉም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

እንደ ቅደም ተከተሉ ልጻፈው፣ አለበለዚያ እቀላቅለዋለሁ።

ከሰዓት ሬንተን። ጋሼ የሥራ አስፈጻሚውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አስጠርተዋል። ጋሼ አጀንዳ አንድ ብለው ራሳቸው ጀመሩ። ተሳስቻለሁ አላሉም፣ እሳቸው ተሳስቻለሁ ካሉ ሰማይ ይወርዳል። ቴሌቪዥኑን አብርተው ካሴቱን ከተቱ፣ ማጠንጠኛውን ተምረዋል፣ ሰሌዳው ጋ አቆሙት። በጣታቸው ፍራሹን ነኩ። ይህቺ ልጅ ስንት ሌሊት እዚህ እንዳደረች የሚያውቅ አለ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፀሐይ፣ ለእኔ ያልሽውን ለነሱም በያቸው።»

አልፈለግኩም። በሃያ ሰው ፊት፣ በብሩክ ፊት፣ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ። ጋሼ ጠበቁ። ተናገርኩት። አጭር አደረግኩት፣ ግን ሰኞ ያልኩትን አልዘለልኩም። ስጨርስ ሙሉ እጄን ያዘች። ያን ሁሉ ዓመት እንደዋሸኋት ያኔ ነው ያወቀችው፣ ቢሆንም ያዘችኝ።

ጋሼ ቀጠሉ። ወንድማቸው በልጅነታቸው የሰፈሩን የመጀመሪያ አስተማሪ ቤታቸው አሳድረው፣ የአስተማሪውን እግር አጥበው፣ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ስሙን ሰው በማያድርበት በር ላይ ብጽፍለት ይወቅሰኛል አሉ። ገንዘቡ ቤት ይሠራበት፣ በሩ ይቆይ። ቤቱ እስኪቆም ድረስ ሾላ ውሃ ያለው የወንድማቸው ልጅ አስቴርን ቤቱ ያሳድራታል፣ ሚስቱ ክፍል ለይታላታለች። ዓርብ ማታ ሲጮሁ ያመሹት ለካ ከእሱ ጋር ነው፣ እዚያ ቅዳሜ ጠዋት የገበያ ቀን ስለሆነ ከማል ሱቅ አስጠርተውት።

አንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ፣ ብሩክ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

«ዛሬ ጭብጨባ የለም» አሉ ጋሼ። የሚስማማ እጁን ያውጣ፣ የማይስማማም እጁን ያውጣ፣ ፀሐይ ትቆጥራለች። ሁለት ሰዎች አልተስማሙም። ባለመስማማታቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስማቸውን ቃለ ጉባኤው ላይ አሳምሬ ጻፍኩት። እነሱም አልተቆጡም፣ ከዚያ በኋላ ምግብ ላይ ከጋሼ ጋር ሲጨዋወቱ ነበር።

ቤት ስደርስ ምሽት አንድ ሰዓት፣ እዚያ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት። አውቶቡሱ በአንድ ሰዓት ነው። ሳባ የስልክ ካርዱን ቁጥር እያነበበችልኝ እኔ ደወልኩ። ተያዘ። ደግሜ ደወልኩ። ኦፕሬተሯ ጠብቂ አለች። ከማል አነሣው። እዚሁ ናት፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች አለ።

አስቴርን ሰምቻት አላውቅም ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ በደብዳቤዋ ቀጭን አድርጌ ነበር የሳልኳት። የጋሼ ወንድም ልጅ ትናንት መጥቶ እንደነገራት፣ ግን ሰው ብዙ ነገር ይላል ብላ እንዳላመነችው ነገረችኝ። ቤት ልንሠራልሽ ነው፣ ዛሬ ተወሰነ አልኳት።

«መቼ ነው የሚደርሰው?» አለች።

ሰኞ ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ ለሃያ ዓመት ያህል እዚያው ተቀምጦ እንደነበር ሁሉ። ዋጥኩት።

«ከፋሲካ በፊት አይደርስም» አልኳት። «ሊዘገይም ይችላል። አሁን የምትገቢበት ቤት ግን ቁልፍ አለው፣ ባለቤቲቱ ቁልፉን ለአንቺ ትሰጥሻለች። ካልሰጠችሽ ለከማል ንገሪው፣ እኔ በየሳምንቱ እደውላለሁ።»

ሱቁ በር ላይ የአውቶቡሱ ክላክስ ይሰማል፣ ረዳቱ ሲጣራ ይሰማል። በካርዱ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ሳባ በጣቶቿ ታሳየኛለች። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት።

እሺ አለች በመጨረሻ፣ እመለሳለሁ፤ ልጆቹ ዛሬ ክፍል አለ ብለው ይመጣሉ።

«ሻንጣዬን ግን» አለች፣ «እዚህ ሱቅ ውስጥ እተወዋለሁ።»

ካርዱ አለቀ። ሳባ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፣ በአማርኛ። ነገርኳት። ታዲያ ሻንጣውን ለምን ተወችው አለች። እኔም ብሆን እተወው ነበር አልኳት።